ከሰማይ የወረዱት ሁለት መቶ አፍቃሪዎች

መራዊ የምትኖር የአክስቴ ልጅ አለችኝ። የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ቡና እስኪፈላ እየጠበቅን፣ እሷ ጥጓን ይዛ ስልኳ ላይ ተደፍታ ብቻዋን ትስቃለች። «ምን ተገኘ?» አልኳት። ማንጋ ነው የምታነበው፤ ጃፓኖች የሚታወቁበት በሥዕል የሚተረክ ልብ ወለድ። ኮሱኬ ፉጂሺማ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 2014 በተከታታይ ያወጣው «አ! ሜጋሚሳማ» የተሰኘ የፍቅርና የሳቅ ታሪክ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ራት ሊያዝዝ ስልክ ይደውላል። ቁጥር ይሳሳትና መሥመሩ ሰማይ ቤት ይገባል። ብዙም ሳይቆይ አንዲት ሴት አምላክ በመስታወቱ በኩል ብቅ ትልና አንድ ምኞት እንደምትሞላለት ትነግረዋለች። ልጁ ጓደኞቹ የቀለዱበት ስለመሰለው፣ እንዳንቺ ያለች ሴት ሁልጊዜ ከጎኔ እንድትሆን ነው የምፈልገው ይላታል። አለቀ! ምኞቱ ጸደቀ፤ እሷም ቀረች። እሱ ደግሞ «የወንዶች ማደሪያ ሴት አስገብተሃል» ተብሎ በዚያው ሌሊት ተባረረ።

አያታችን ይህን ሁሉ እየሰሙ ቡናቸውን ያማስላሉ። ሲያበቃ ቀና አሉና፣ «ታዲያ ይኼ ምኑ ነው አዲሱ? ዛር ወዷታል ሲባል አልሰማሽም ልጄ?» አሏት። ልጅቷ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። በኋላ ግን ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። እውነት ነው። የሰማይ ፍጡር በሰው ፍቅር ሲወድቅ የሚተርከው ከጥንታዊዎቹ ታሪኮች አንዱ ሙሉ ሆኖ በዓለም ላይ የተረፈው በአንድ ቋንቋ ብቻ ነው። ቋንቋውም ጃፓንኛ አይደለም፤ ግዕዝ ነው።

መጽሐፈ ሄኖክን ማለቴ ነው።

ከሰማንያ አሐዱ መጻሕፍት አንዱ ስለሆነ ስሙን የማያውቅ የለም። ያነበበው ግን ስንቱ ነው? (እኔም ራሴ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ካላነበቡት ወገን ነበርኩ።) ስለዚህ ታሪኩን ባጭሩ ላስታውሳችሁ። ዘመኑ የያሬድ ዘመን ነው፤ የባለ ዜማው ያሬድ ሳይሆን የሄኖክ አባት። ትጉሃን የሚባሉ መላእክት ከሰማይ ሆነው ወደ ምድር ሲመለከቱ የሰው ልጆችን ቆነጃጅት ያያሉ። ያዩትም ይወዳሉ። ከነሱም ሚስት እንምረጥ፣ ልጅም እንውለድ ይባባላሉ።

እዚህ ላይ የአለቃቸው የሰምያዛ ነገር ያስቃል። ፍቅር ይዞታል፤ ግን ፈርቷል። የፈራው ፈጣሪን ብቻ አይደለም፤ ጓደኞቹን ነው። እናንተ ኋላ ላይ ብትመለሱ የዚህ ኃጢአት ዕዳ በኔ በአንዱ ላይ ሊቀር ነው ይላል። ስለዚህ ሁሉም አንድ ላይ ይማማላሉ፤ ወደ ኋላ የሚል የተረገመ ይሁን ብለው ቃል ይተሳሰራሉ። ከዚያ ሁለት መቶ ሆነው አርሞን ተራራ ጫፍ ላይ ይወርዳሉ። መጽሐፉ የተራራውን ስም ከዚሁ መሐላና ግዝት ጋር ያያይዘዋል። ዛሬም «እርም» የምንለው ቃል የዚያው ሥር ልጅ ነው።

ሲወርዱ ባዶ እጃቸውን አልመጡም። አንዱ አስማትና ሥር መቁረጥ፣ ሌላው የከዋክብትን ምሥጢር ያስተምራል። አዛዝኤል የሚባለው ደግሞ ለወንዶቹ ሰይፍና ጋሻ መሥራትን፣ ለሴቶቹ ኩል መኳልንና አምባር ማድረግን አሳየ። ከዚያ ልጆች ተወለዱ፤ ረዓይት የሚባሉ ግዙፎች። የሰውን እህል ሁሉ በልተው ጨረሱ። እህሉ ሲያልቅ ወደ ሰዎቹ ዞሩ። ምድር ጮኸች። እነሚካኤል ጩኸቷን ሰምተው ለፈጣሪ አቀረቡ፤ ፍርድም መጣ።

አሁንም ሳቅና ልቅሶ የተቀላቀለበት ሌላ ነገር አለ። እነዚያ መላእክት ከኃፍረት የተነሣ ወደ ሰማይ ቀና ማለት አቃታቸው። ስለዚህ ሄኖክን፣ ሰውየውን፣ «እባክህ ማመልከቻ ጻፍልን» ብለው ለመኑት። ሄኖክ ጻፈላቸው፤ ውኃ ዳር ተቀምጦ እያነበበ ሳለም እንቅልፍ ወሰደው። መልሱ በራእይ መጣለት። ጭብጡም፣ እናንተ ስለ ሰው ልትለምኑ ሲገባችሁ እንዴት ሰው ስለ እናንተ ይለምናል የሚል ነበር። ማመልከቻው ውድቅ ሆነ።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ ልጅ ነገርኳት። ስታዳምጥ ቆየችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «ሴቶቹስ ምን አሉ?»

ቤት ሄጄ ገጹን ገለበጥኩ። ምንም አላሉም። መጽሐፉ ከወረዱት መላእክት የሃያ ያህሉን አለቆች ስም አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ከተወሰዱት ሴቶች ግን የአንዷን እንኳ ስም አይነግረንም። መላእክቱ እንደወደዱ ተጽፏል፤ ሴቶቹ ይውደዱ አይውደዱ የጠየቀ የለም። የልጅቷ ጥያቄ ሲከነክነኝ፣ ይህ ታሪክ በየዘመኑ በማን እጅ እንዳለፈና ያ ዝምታ ምን እንደተደረገበት ለማየት ተነሣሁ። መንገዱ ደግሞ እዚያው አገሬን፣ ምዕራብ ጎጃምን አቋርጦ የሚያልፍ ሆኖ አገኘሁት።

መጽሐፉ መጀመሪያ የተጻፈው በአራማይክ ነው። ከዚያ ወደ ግሪክ፣ በአክሱም ዘመን ደግሞ ከግሪክ ወደ ግዕዝ ተመለሰ። ሌላው ዓለም ቀስ በቀስ ጣለው፤ ከግሪኩም የተረፈው ቁርጥራጭ ነው። የእኛ ጸሐፍት ግን መቅዳታቸውን አላቆሙም። ዛሬ ሊቃውንት ከሚጠቅሷቸው ጥንታዊ ቅጂዎች አንዱ ከባሕር ዳር ፊት ለፊት በጣና ላይ ከምትገኘው ከክብራን ገብርኤል ደሴት የተገኘ የ15ኛው ክፍለ ዘመን ብራና ነው። ክብራን ደግሞ በገዳሙ ሥርዓት ሴት የማትረግጣት ደሴት ናት። እስቲ አስቡት፤ የሰማይ መላእክት ሴት አይተው መቋቋም አቃታቸው የሚለው መጽሐፍ ሴት በማትገባበት ደሴት ተቀመጠ! የጃፓኑ ተማሪ ከወንዶች ማደሪያ መባረሩ ትዝ አለኝና ለብቻዬ ሳቅሁ።

መጽሐፉን ወደ አውሮፓ የመለሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። ሰውየው ወደ እኛ አገር የመጣው ግን ሄኖክን ፍለጋ አልነበረም፤ የአባይን ምንጭ ፍለጋ እንጂ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 1770 ግሽ ደረሰ። ግሽ ዛሬ በሰከላ ወረዳ ያለችው ናት። ከዚያ የሚነሣው ግልገል አባይ ነው ሜጫን አቋርጦ፣ ወተት አባይ ላይ ከመኪናው መንገድ ድልድይ ሥር አልፎ ጣና የሚገባው። (ብሩስ «ምንጩን ያየሁ የመጀመሪያው አውሮፓዊ እኔ ነኝ» ቢልም፣ ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ኢየሱሳዊ እ.ኤ.አ. በ1618 ቀድሞት ነበር። ብሩስ ይህን እስኪሞት አልተቀበለም።)

በጊዜው የግሽ አገዎች በምንጩ ውስጥ መንፈስ አለ ብለው ያከብሩት ነበር። ብሩስ እንደጻፈው የምንጩ አገልጋይ «ክፍለ አባይ» የሚባል ማዕረግ ያለው ሽማግሌ ነበር፤ ሹመቱ ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል፤ በዓመት አንድ ጊዜም ጥቁር ጊደር ይታረዳል። እንግዳው ወደ ምንጩ ሲወርድ ቦታው ቅዱስ ነውና ጫማህን አውልቅ አሉት። አወለቀ። ከደስታው ብዛት ቁልቁል ሲሮጥ ሁለት ጊዜ ወደቀ።

ከምንጩም በኮኮናት ቅል ውኃ ቀዳና አብሮት ከነበረው ስትራቴስ ከሚባል ግሪካዊ ጋር ጽዋ ማንሣት ጀመረ። መጀመሪያ ለንጉሡ ለጆርጅ ሦስተኛ። ከዚያ ዝቅ ላለ ነገር ግን ይበልጥ ለተቀደሰ ስም ብሎ፣ ለማርያ! ስትራቴስ ግራ ገብቶት «ለድንግል ማርያም ነው?» ቢለው፣ ብሩስ አዎ ሳይሆን አይቀርም ብሎ አለፈው። ማርያ ግን አገር ቤት ትቷት የመጣት ወዳጁ ነበረች። ሰው ሁሉ በጫማው የማይቀርበው ምንጭ ላይ ቆሞ፣ የመንፈሱን ውኃ ለሴት ፍቅር ጠጣ። ከብዙ መከራ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1773 አውሮፓ ሲገባ ማርያ አንድ የጣሊያን ባላባት አግብታ ጠበቀችው! ሮም ድረስ ሄዶ ከባልየው ጋር ተጋጠመ። መቼም ለዓመታት ድምፁን ሳያሰማ ጠፍቶ የኖረ ሰው ትጠብቀኛለች ማለቱ ራሱ ይገርማል። እሷንስ ማን ጠይቋት ያውቃል?

ብሩስ ወደ አገሩ ሲመለስ በጓዙ ውስጥ ሦስት የሄኖክ ቅጂዎች ነበሩ። አንዱ ለፈረንሳይ ንጉሥ ተሰጠ፣ አንዱ ኦክስፎርድ ገባ፣ አንዱን ለራሱ አስቀረ። ለሃምሳ ዓመት ያህል ደህና አንባቢ ሳያገኙ ከቆዩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1821 ሪቻርድ ሎረንስ ከግዕዝ ወደ እንግሊዝኛ ተረጎመው። ያኔ የአውሮፓ ገጣሚዎች እንደ ዝንብ ወረሩት። እ.ኤ.አ. በ1823 መባቻ ብቻ ሁለት ሥራዎች ወጡ። አንደኛው የባይሮን የግጥም ድራማ ነው፤ ሁለቱ አፍቃሪ መላእክት ሳሚያሳና አዛዚኤል ይባላሉ። ሰምያዛና አዛዝኤል መሆናቸው ነው። ባይሮን ለሴቶቹ ስምና አንደበት ሰጣቸው፤ የሚያፈቅሩም ሆኑ። ሁለተኛው የአየርላንዳዊው የቶማስ ሙር ነው፤ ሦስት መላእክት ተቀምጠው የየራሳቸውን የፍቅር ታሪክ ያወጋሉ። ሃይማኖተኞች ተቆጡ። ሙር ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በኋለኛው እትም መላእክቱን እስላም አደረጋቸውና አረፈው! ሰዎቹ ያው፣ ታሪኩ ያው፤ አፍቃሪዎቹን ብቻ «የእኛ አይደሉም» አለ።

በሙር ላይ ስንስቅ ግን ወደ ራሳችንም ዞር ማለት አለብን። መጽሐፉን ያቆየችው አገር ሊቃውንትም «መልአክ እንዴት ሴት ያገባል?» የሚለው ጥያቄ ከብዷቸዋል። ሥጋ የሌለው ምን በወጣው? ስለዚህ በአንድምታው መንገድ የተሰጠው መልስ፣ የወረዱት መላእክት አይደሉም፣ ደቂቀ ሴት ናቸው የሚል ነው። የአዳም ልጅ የሴት ዘሮች በተቀደሰው ተራራ ላይ በንጽሕና ይኖሩ ነበር፤ ኑሯቸው የመላእክት ስለሆነ መላእክት ተባሉ። ከተራራው በታች የቃየል ልጆች በገናና ከበሮ እየመቱ ይጨፍሩ ነበር። የሴት ልጆች ዘፈኑን ሰሙ፣ ቆነጃጅቱን አዩ፣ ወረዱ፤ መመለሻም አጡ። በግዕዝ የሚገኘው የአዳም ገድል ይህን በሰፊው ይተርካል። ይህ ትርጓሜ የእኛ ብቻ አይደለም፤ በ3ኛው ክፍለ ዘመን ከነዩልዮስ አፍሪካኑስ ጀምሮ የታወቀ ነው።

ሊቃውንቱ ያስቸገራቸው የነገረ መለኮት ጥያቄ ነው፤ እሱን እነሱ ያውቁበታል። እኔን የከነከነኝ በአተራረኩ ውስጥ የተለወጠው ነገር ነው። በሄኖክ መጽሐፍ ጥፋቱ ከላይ ይጀምራል፤ ያዩት እነሱ ናቸው፣ የተማማሉት እነሱ፣ የወረዱት እነሱ። ሴቶቹ ምድር ላይ ከመኖር በቀር ያደረጉት ነገር አልተነገረም። በሁለተኛው አተራረክ ግን ዘፈኑ ከታች ይሰማል። ሴቶቹ ጠሪዎች ሆኑ፤ ወራጆቹ የተታለሉ ምስኪኖች። ዕዳው ቀስ ብሎ ከተራራው ጫፍ ወደ ግርጌ ወረደ።

በዚህ መሐል ደስ የሚል አንድ ነገር አገኘሁ። መጽሐፉ ዘግየት ብሎ ስለ እነዚያ ሴቶች መጨረሻ አንድ ቃል ይናገራል። በግሪኩ ቅጂ ሴቶቹ «ሲሬናውያን» ይሆናሉ ይላል፤ በዘፈን መርከበኛ እያማለሉ የሚያጠፉት የግሪክ ተረት ፍጡራን ናቸው። የግዕዙ ተርጓሚ ግን ይህን ቃል በግሪክ «ሰላም» ከሚለው ጋር አምታቶት ይሁን፣ የያዘው ቅጂ ተሳስቶ ይሁን፣ «ሰላማውያን» አድርጎ ጻፈው። የቃላት ምሁራን ስሕተት ነው ይላሉ፤ ልክ ናቸው። ሆኖም ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ በዚህ አገር ብራና ላይ እነዚያ ሴቶች አማላዮች ሳይሆኑ ሰላማውያን ተብለው ኖረዋል። ከስሕተትም ስሕተት አለ!

ወደ አያቴ ዛር ልመለስ። ዛርም የዚሁ ቤተሰብ ታሪክ ነው። እንደ አፈ ታሪኩ ሔዋን ሠላሳ ልጆች ነበሯት። ፈጣሪ ሊያያቸው ሲመጣ ዓይን እንዳይበላቸው ብላ አሥራ አምስቱን ቆንጆዎች ደበቀች። የደበቅሻቸው ተደብቀው ይቅሩ ተባለ። እነሱ ዛሮች ሆኑ፤ የማይታዩ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን። ለዚህ ነው ወደ እኛ የሚሳቡት ይባላል። ዛር ቆንጆ ሴት አይቶ ይወዳል፤ ይዟትም ሲጋልብ እሷ «ፈረስ» ትባላለች። የፈረንሳዩ ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ውስጥ ከዛር ባለቤቶች ጋር ወራት ቆይቶ ይህን በዝርዝር መዝግቦታል። ቋንቋው ራሱ ይገርማል፤ የተወደደችው ፈረስ፣ የወደደው ጋላቢ።

ግን እዚህ ቤት ሴቲቱ ዝም አትልም። ዛሩ በአፏ ይናገራል፤ ሽቶ ይፈልጋል፣ አዲስ ቀሚስ ይፈልጋል፣ ቡናው ይፈላ ይላል። ባልየው ለሚስቱ የማይሰጠውን ለዛሩ ይሰጣል። ነገሩን ያጠኑ ሰዎች ደጋግመው ያዩት ይህንኑ ነው፤ በራሷ ስም መጠየቅ የማትችል ሴት በወደዳት መንፈስ ስም ትጠይቃለች። በሄኖክ መጽሐፍ ውስጥ ያጣነው የሴት ድምፅ እዚህ ይሰማል፤ የሚሰማው ግን የሌላ ድምፅ ነው ሲባል ብቻ።

ይህ ሁሉ ተረት ነው፣ ምን አገባን ትሉኝ ይሆናል። አንድ ነገር ልበላችሁና ፍረዱኝ። የሰምያዛን መሐላ እንደገና አስቡት። አንዱ ልጅ ወድዷል። ብቻውን መሄድ ፈርቷል። ጓደኞቹን ሰብስቦ ወደ ኋላ የሚል የለም ብሎ አስምሎ ይሄዳል። ልጅቷ አልተጠየቀችም። ይህን ታሪክ የት ነው የምናውቀው? ጠለፋ አይደለም እንዴ? የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን ጠላፊው የጠለፋትን ካገባት ክሱ የሚቀርበትን በር ትቶ ነበር። በሩ የተዘጋው በ1997 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ነው። አስቡት፤ ሄኖክ ላይ ማመልከቻቸው ውድቅ የተደረገባቸው ወራጆች፣ በዚያ ሕግ ቢዳኙ ኖሮ «አግብተናቸዋል እኮ!» ብለው በነፃ ሊሄዱ ይችሉ ነበር።

በጎጃም ደግሞ ጠለፋው ሳይመጣ በሽምግልና፣ በሰላምና በጭብጨባ ገና በልጅነታቸው የተዳሩትን እናቶቻችንን እናውቃለን። አያቴም አንዷ ናቸው። በስንት ዓመታቸው እንዳገቡ ስጠይቃቸው ቁጥሩን አይነግሩኝም፤ «ባሌ በጫንቃው ተሸክሞ ነው ወንዝ ያሻገረኝ» ብለው ይስቃሉ። ድሮ ያስቀኝ ነበር። አሁን ስሰማው የሚሸከሟት ሕፃን እንደነበረች ይታየኛል።

በግሽ የሚነገር አንድ ሌላ ታሪክ አለ። አቡነ ዘርዐ ብሩክ ወታደሮች ሊወስዷቸው ሲመጡ መጻሕፍታቸውን ለአባይ ምንጭ አደራ ሰጡ። ከዓመታት በኋላ ተመልሰው ሲጠይቁት ውኃው መጻሕፍቱን አንድ ፊደል ሳይርስ መለሰላቸው ይባላል። ሄኖክንም ይህች አገር እንዲሁ አድርጋ ነው ያቆየችው፤ ዓለም ሲጥለው ደርቆ ሳይረግፍ፣ ርሶ ሳይጠፋ። እ.ኤ.አ. በ1952 ቁምራን ዋሻ ውስጥ የአራማይኩ ቁርጥራጭ ሲገኝ፣ የትኛው ስባሪ የትኛው ቦታ እንደሚገባ የሚመሳከረው በእኛው ግዕዝ ነበር። አደራ ጠባቂነታችንን ማንም አይወስድብንም። አደራ የተጠበቀ መጽሐፍ ግን ይነበባል እንጂ ሣጥን ውስጥ አይቀመጥም። ሲነበብ ደግሞ የሚለው ግልጽ ነው፤ ዕዳው የወራጁ ነው።

ለአክስቴ ልጅ ያገኘሁትን ሁሉ ነገርኳት። የባይሮኑን ወደደችው፣ በሙር ሳቀች፣ «ሰላማውያን» የሚለውን ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ከዚያ ስልኳን አነሣችና፣ «የእኔው ማንጋ ግን ይሻላል» አለች።

«ለምን?»

«ምኞቱን የተናገረው በአንድ ደቂቃ ነው። እሷ በእውነት ትወደው እንደሆነ ለማወቅ ግን ያን ሁሉ ቅጽ ይጠብቃታል።»

አያቴ ሦስተኛውን ቡና እየቀዱ ነበር። ምንም አላሉም። ሲኒውን ግን መጀመሪያ ለእሷ ሰጧት።

ቸር ይግጠመን።